ዝናብ ሲጥል ቀይ አይዋጋም

ልጅ ሳለሁ ቅናት የሚሉትን ነገር ያወቅሁት በአክስቴ ልጅ በትዕግስት ነው። እስከዚያ ክረምት ድረስ ቡሬ በአያቴ ቤት ተረት መራጯ እኔ ነበርኩ። አመሻሽ ላይ ምድጃው ዳር በቆሎ እየጠበስን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ አያቴ አባባ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «እህ፣ ዛሬስ የትኛው ይሁን?» ሲሉ የሚያዩት ወደ እኔ ነበር፤ ያኔ ከዚህ የሚበልጥ ሹመት በዓለም ያለ አይመስለኝም ነበር።

ትዕግስት ክረምቱን ልታሳልፍ ከፍኖተ ሰላም መጣች፤ ጠርዙ የተበላ ካርታ ይዛ። መጀመሪያ ኮንከር የሚሉትን የካርታ ጨዋታ ተጫወትን። በሦስተኛው ቀን ሰለቻትና «ለምን አናዋጋቸውም?» አለች። ደብተር አውጥታ ሕግ ትጽፍ ጀመር። ቁጥሩ የካርታው ጉልበት ሆነ። ሁለት ትንንሾች ከተባበሩ ንጉሥም ይጥላሉ። የተሸነፈ ደግሞ እንደ እንቆቅልሽ አገር ይሰጣል፤ «ደምበጫን ሰጠሁሽ»፣ «መራዊን ሰጠሁሽ» እያለ።

አባባ ካርታ የሰይጣን ነው ባይ ነበሩ። «ምንድን ነው ይሄ?» ብለው ሲቆጡ ትዕግስት ፍንክች አላለችም። «የእርስዎ ተረት እኮ ነው አባባ! ትናንት ሁለቱ ቀበሮዎች ተባብረው ጅቡን አላሸነፉትም?» አለቻቸው። አባባ ሳቁ። ስቀውም አልቀሩ፣ በርጩማቸውን ስበው ቀረቡና «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ብዙ አገር የያዘ ተረት ይምረጥ» ብለው ፈረዱ። በቃ፣ ሹመቴ በካርታ ሄደ።

አምስት ቀን በተከታታይ አሸነፈችኝ። አምስት ቀን እሷ የመረጠችውን ተረት ሰማሁ፤ እውነቱን ልናገርና አንዱም አልጣመኝም። የባሰ የሚያናድደኝ ደግሞ ደግነቷ ነው። በቆሎዋን ሰብራ ታካፍለኛለች፤ እኔ ግን ወደ ቤቷ ትሂድልኝ ብዬ እሳል ነበር።

በስድስተኛው ቀን እኩል አገር ይዘን አንድ ግጥሚያ ቀረን። እሷ ቀዩን ንጉሥ አወጣች፤ እኔ እጅ ላይ የቀረችው ጥቁር አራት ናት። ያኔ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሊበሳው ደርሷል።

«ዝናብ ሲጥል ቀይ አይዋጋም!» አልኩ፣ ከየት እንዳመጣሁት ሳላውቅ።

«ለምን?»

«ቀይ እሳት ነዋ! እሳት ዝናብ ላይ ይዋጋል?»

ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ቀና ብላ ጣራውን አየች። «ውይ! ይሄማ ከሁሉም ይበልጣል፤ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ?» አለችና ደብተሯን ሳበች።

አሸነፍኩ። ተረቴንም መረጥኩ። አባባ ሊጀምሩ አፋቸውን ከፍተው ትዕግስትን አዩና «ቆይ፣ ትጻፍ፤ ስትጨርስ እንጀምራለን» አሉኝ። በኩራዝ ብርሃን አጎንብሳ ስትጽፍ ባዩዋት ዓይን እኔን አይተውኝ አያውቁም። የዚያን ዕለት ተረት የጅብ ይሁን የጦጣ ዛሬ ትዝ አይለኝም።

አባባ ካረፉ ቆይተዋል። ትዕግስት ፍኖተ ሰላም መምህርት ሆና ጨዋታውን ለተማሪዎቿም፣ ለልጄም አስተምራለች። ባለፈው ክረምት ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ካርታ ዘርግቶ፣ ዝናቡ ሲጀምር «ቀይ ቆመ!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ።

«ይቺን ሕግ ማን አወጣት?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

«አክስቴ ትዕግስት ናታ! ከሁሉም የምታምረው ሕግ እሷ ናት።»

የእኔ ናት ልለው ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እንዴት አወጣሻት ይለኛል፤ ላጭበረብር ብዬ ነው ልበለው? ዋጥ አድርጌ ወደ ጓዳ ገባሁ። በዕድሜዬ ከራሴ ካፈለቅሁት ሁሉ ሰው የወደደልኝ ያቺን ሕግ ብቻ ነው፤ እሷንም ልጄ ፊት የእኔ ናት ማለት አልቻልኩም። ትዕግስት ላይ ዛሬም እቀናለሁ።