ባለወረንጦው በሃያኛው ቀን

ባለወረንጦውን ከወንበሩ ያስነሳው መጠጥ ነው ይባላል። ወሬውን የወለደችው የላቦራቶሪው ጠርሙስ አጣቢ ናት፤ ያሳደጉት ግን ብዙዎች ናቸው። ከእሷ አፍ ሲወጣ ግማሽ ብርጭቆ የነበረው ዘበኛው ጋ ሲደርስ ጠርሙስ፣ ሹፌሮቹ ጋ ሲደርስ በርሜል ሆነ። የሴትየዋን ኃጢአት አናብዛ፣ አልዋሸችም። ግማሽ ብርጭቆ ጠጥቷል። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያውም አፍንጫውን ይዞ።

ሥራው ለማውራት አይመችም። ከጎመን ዘር እሸት ውስጥ ሽሉን፣ ማለትም ነገ ተክል የሚሆነውን ሕፃን፣ በማይክሮስኮፕ እያየ በወረንጦ ያወጣል። ሽሉ ሲያዩት እንቅልፋም ይመስላል እንጂ ከብዙዎቻችን ይሻላል፤ አፈር ውስጥ ወድቆ ቅጠል እስኪያወጣ የሚበላውን ፕሮቲን ገና እናቱ ሆድ ውስጥ ሳለ ይሰንቃል። አለቃው ዶክተሯ የምታጠናው ይህ ስንቅ እንዴት መቋጠር እንደሚጀምር ነው። ስለዚህ አበባው በፈነዳበት ቀን ቀይ ክር ይታሰርበታል፣ ቀን ይቆጠራል፣ ልክ በሃያኛው ቀን አርባ ሽል ሳይቀደድ ይወጣል። ከተቀደደ የውስጡ ከዙሪያው ፈሳሽ ጋር ይደባለቅና ስንቁ የማን እንደሆነ አይለይም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን የሚችለው እሱ ብቻ ነበር። እጁ ላይ ዝንብ ብታርፍ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

ዘንድሮ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲያሳርፈው ደህና ነው፤ ወረንጦ ሲያነሳ ነው እንደ ወንፊት የሚነቃነቀው። ሐኪሙ «ከአባት የሚወረስ ነው፤ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም» አለው። ለዶክተሯ አልነገራትም። ነገ ይተወኛል እያለ ክሩን አሰረ፣ ቀኑን ቆጠረ። በዚህ መሀል አበባው ሁሉ ረገፈ። የቀረው ስልሳ ሽል ብቻ ነው፤ ሌላ አበባ የሚመጣው በዓመቱ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ለጎረቤቱ፣ ለጡረተኛው ፀጉር አስተካካይ፣ ጭንቀቱን አወጣው።

«ይኼማ የኔ በሽታ ነው!» አለ ጎረቤቱ፣ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ደስ ብሎት። «ጠዋት ግማሽ ብርጭቆ አረቄ እቀምሳለሁ፣ ድንጋይ እሆናለሁ።»

«እኔ እኮ ጠጥቼ አላውቅም።»

«እኔም የሰው ጆሮ ቆርጬ አላውቅም። ምክንያቱን ነው የነገርኩህ።»

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቱ ማድ ቤት ስትገባ ጠብቆ ግማሽ ብርጭቆውን ጨለጠው።

ላቦራቶሪ ደርሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እጁ ረጋ። የድሮው እጁ መጣለት። ምን ዋጋ አለው፣ እጁ ሲመለስ ዓይኑ ሄደ፤ ማይክሮስኮፑ ውስጥ አንዱ ሽል ሁለት ሆኖ ተጋድሟል። የግራውን ሲይዝ ባዶ ነው። የቀኙን ሲይዝ ተሰነጠቀ። ሌላ አነሳ፣ ተቀደደ። ሌላም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምን ተቀብተው ነው? ሽታዎ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ!» አለች ጠርሙስ አጣቢዋ።

አልሳቀም። ስካሩ በረድ ሲል ደግሞ እጁ ወደ ወንፊትነቱ ተመለሰ። እስከ አራት ሰዓት ድረስ አሥራ ስምንት ተቀዶ ሁለት ደህና ወጣ።

ዶክተሯ ከኋላው ቆማ ነበር። ብትጮህበት ይሻለው ነበር፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ይተወኛል ብዬ።»

«መጠጡ?»

«እጄ።»

የሚንቀጠቀጠውን ጣቱን አየች። «ለነገ ብናሳድረውስ?»

«ነገ እኮ ሃያ አንድ ነው። ሽሎቹ ስንቁን ጀምረውት ይቆያሉ።»

ሌላ የሚችል ሰው አልነበረም፤ እሱ እያለ ማን ይማራል? ዶክተሯ ትከሻውን ነካ አድርጋ አስነሳችውና ራሷ ተቀመጠች። ወረንጦ ከያዘች ዘመናት አልፈዋል። የመጀመሪያውን ቀደደችው፣ ሁለተኛውንም፤ አርባው እንዲሞላ ከእንግዲህ አንድም መቀደድ የለበትም። እሱ ከኋላዋ ቆሟል፤ እጁን የከተተበት የጋዋኑ ኪስ ይርገፈገፋል። ጠርሙስ አጣቢዋ ውኃውን ዘግታ መጣች። ሦስተኛው ላይ የዶክተሯ እጅም መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ጎኑን አይደለም፣ ዶክተር» አለ ቀስ ብሎ። «ጫፉን ይያዙት፤ ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ነው የሚወጣው።»

ዶክተሯ ወረንጦውን ከጎኑ አንስታ ወደ ጫፉ ወሰደችው።