አልላቀቅ ያለው የፊት ቀኝ ዲስክ

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ መኪናዋን ሁለት ክረምት አላነሳኋትም። ዝናብ እንዳይጎዳት ብዬ ከጓሮ የእንሰት ቅጠል ቆርጬ አራቱንም ጎማዎች ጠቀለልኩ፤ በላዩ ጆንያ አሰርኩ። እኛ ዘንድ ሳይበላሽ እንዲቆይ የሚፈለግ ነገር በእንሰት ቅጠል ይጠቀለላል። ቅጠሉ እርጥበት ይይዛል፤ ለቅቤ መልካም ነው። ብረት ቅቤ አለመሆኑን ያን ጊዜ አላሰብኩም።

ዘንድሮ አንጋጫ ያለችው እህቴ አልጋ ላይ ስትውል ቅጠሉን ፈታሁ። ከሆሳዕና በሚኒባስ እየተሳፈሩ መመላለሱን ጉልበቴ አይችለውም። መንዳት ግን ባለቤቴ አስተምሮኛል። ሞተሩ በአዲስ ባትሪ ተነሳ፤ ጎማዎቹ ግን አልዞር አሉ።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም መጥተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጃጁራ ከተማ አሮጌ ብረት የሚገዛ ሰው አውቃለሁ። ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ።»

«ጋሼ፣ እስከ ቅዳሜ በራሷ ከሄደችስ?»

«ይቺ?» ብለው ሳቁ። «በራሷ ከዚህ በር ከወጣች ሁለተኛ ስለሷ አፌን አልከፍትም። ካልወጣች ግን ትሸጣለች።»

እሺ አልኩ። ቃል ከሰጠሁ በኋላ መለመን አልወድም።

ረቡዕ መካኒክ አስመጣሁ። ጎማዎቹን አውልቆ ዝገቱን ሲያይ ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ ይህ የፍሬን ዲስክ ነው ወይስ ቆጮ? በቅጠል ጠቅልለው ቀበሩት እኮ!»

እውነቱን ነው።

የኋላዎቹን ፍሬኖች አላቀቀ፤ የፊት ግራውንም ዲስክ በመዶሻ ብዛት አወጣው። የፊት ቀኙ እምቢ አለ። ዲስኩን የያዙት ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ናቸው። አንዱ ወጣ። የሁለተኛው ራስ ግን ካቻቢቴው እየተንሸራተተበት ተላጠ። መካኒኩን ደግሞ ቦኖሻ ላይ ተበላሽቶ የቆመ የጭነት መኪና ይጠብቀው ነበር።

«ቅዳሜ በጠዋት እመለሳለሁ፤ አዲሶቹን ዲስኮች ይዤ። ግን ይህ ተጣብቆ ከጠበቀኝ በአንድ ጠዋት አይሆንም። ቁርጡን ይወቁት።»

ቁርጡን አወቅኩ። መዶሻውንና መሮውን ግን እንዲተውልኝ ጠየቅኩት።

በብሎኑ ዙሪያ ነጭ ጋዝ አንጠባጠብኩ። ሐሙስ ጠዋት ደገምኩ፤ ማታም ደገምኩ። ችኮላ አላሳየሁትም። አርብ ጠዋት በርጩማ ላይ ተቀምጬ መሮውን በብሎኑ ራስ ጠርዝ ላይ አጋድሜ፣ ወደሚፈታበት አቅጣጫ በቀስታ መታሁ። አልነቃነቅም አለ። ደግሜ መታሁ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ የጸጉር ቅጥነት ያህል ዞረ። ከዚያ በኋላ በፒንሳ ይዤ አወጣሁት።

ዲስኩ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። መታሁት፣ ክንዴ ዛለ። አረፍ ብዬ ሳየው፣ ብሎኖቹ ከነበሩበት ፈንጠር ብለው ሁለት ነጠብጣብ የሚያህሉ የዝገት ምልክቶች አሉ። በስፌት ወስፌ ብጭራቸው ቀዳዳ ሆኑ፤ ውስጣቸው የብሎን ጥርስ አለው። ምንም አልያዙም። ፋብሪካ ለከንቱ ቀዳዳ አይበሳም ብዬ አሰብኩ። ብሎን ገብቶ የሚይዘው ነገር ከሌለ፣ የሚገፋው ነገር ይኖራል።

ከባለቤቴ የብሎን ጣሳ የሚገጥሙ ሁለት ፈልጌ አስገባሁ። አንዱን ግማሽ ዙር፣ ሌላውን ግማሽ ዙር፣ ሳላዳላ አጠበቅኩ፤ ጫፋቸው ከዲስኩ ጀርባ ያለውን ብረት እንዲገፋ። የባለቤቴ የብሎን ቁልፍ ከበደኝ። ቆሜ በሰውነቴ ተጫንኩት። ዷ! አለና ዲስኩ ተላቅቆ እግሬ ሥር ወደቀ።

እልል አልኩ። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«እሰይ! ማን ወለደ?»

«ማንም። ዲስክ ወጣ።»

«ምን ወጣ?»

«ዲስክ።»

«እንግዲህ እልል ከተባለ ደግ ነው» ብላ ምን እንደሆነ ሳትረዳ እልልታውን ተቀበለችኝ።

ቅዳሜ መካኒኩ ሲመጣ ዲስኩን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ጠበቅኩት።

«ማን አወጣው?»

«እኔ።»

«አይ እማማ፣ ማን መጥቶ ነው?»

ሁለቱን ብሎኖች ቀዳዳቸው ውስጥ እንዳሉ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ያለ ቀልድ ሥራውን ጀመረ። አዲሶቹን ዲስኮችና የፍሬን ሸራዎች ገጥሞ ሲጨርስ፣ ግቢው ውስጥ ወደፊትም ወደኋላም ነድቼ ፍሬኑን ሞከርኩ።

ረፋድ ላይ ጋሼ ከጃጁራው ሰውዬ ጋር መጡ። ሰውዬው ገመድ ተሸክሟል። እኔ መሪው ላይ ነበርኩ፤ ሞተሩ ተነስቷል።

«ጋሼ፣ ከበሩ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ።»

ፈቀቅ አሉ። ወጣሁ። መንገዱ ዳር ቆሜ መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ። ጋሼ ጎማውን ያያሉ። የጃጁራው ሰውዬ ግን ቀልጠፍ ያለ ነው፤

«እናቴ፣ ወደ መናኸሪያ ነዎት? ከመጣሁ አይቀር ያድርሱኝ።»

«ግባ» አልኩት። «ጋሼ፣ እርስዎም ይግቡ፤ አንጋጫ ደርሰን እንመለሳለን።»

ጋሼ ፊት ተቀመጡ። ቁልቁለቱ ላይ ከብት መንገድ ሲያቋርጥ ፍሬን ያዝኩ፤ ጋሼ በሁለት እጃቸው ወንበሩን ጨበጡ። መኪናዋ ከላሞቹ ራቅ ብላ ቀጥ አለች። ጋሼ እጃቸውን ቀስ ብለው ለቀቁ፤ ቃላቸውን አክብረው አፋቸውን አልከፈቱም።