ለመወርወር የማይሆን ድንጋይ

ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ኬላ ላይ ፖሊሶች ሚኒባሱን አስቆሙት። ቦርሳዬን ሲከፍቱ ድንጋይ አገኙ፦ ጥቁር ባዛልት፣ ግማሹ የበሰበሰ ሌላ ድንጋይ፣ በፌስታል የታሰረ ቀይ አፈር። መምህራችን አምጡ ያለን ናሙና ነው ብዬ ተናገርኩ። ማንም አልሰማኝም። መንገዱ ዳር ድንጋይ ሞልቶ፣ ቦርሳ ውስጥ የገባው ወንጀል ሆነ።

ያሳደሩኝ ክፍል ሲሚንቶው እርጥብ ነበር፤ የሽንት ባልዲው በሩ ሥር ተቀምጧል። ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ድንጋዮቼ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል።

«ማን ላይ ልትወረውር ነው?»

«ለትምህርት ነው፣ አለቃ። ከመሬት ሆድ ቀልጦ የወጣው ሲቀዘቅዝ ይሄን ጥቁሩን ይሆናል። ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት እንደዚህኛው ይበሰብስና በስንት ዘመኑ አፈር ይሆናል።»

«አፈሩንስ ዓይን ላይ ልትበትን?»

አጠገቡ የቆመው ፖሊስ ሳቀ። መርማሪው የበሰበሰውን አንስቶ ጨበጥ ሲያደርገው እጁ ውስጥ ፈረሰ። መዳፉን አራገፈና ቃልህ ነው ያለውን ወረቀት ገፋልኝ። «ለመወርወር የሰበሰብኩት» ይላል።

«ፈርም። ዛሬውኑ ትወጣለህ።»

አልፈረምኩም፤ ወደ ክፍሉ መለሱኝ። አብረውኝ የታሰሩ አንድ የአሊዩ አምባ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ።

«ልጄ፣ ፈርምና ውጣ። ፈተና ደርሶብኛል አላልክም?»

«ያላሰብኩትን?»

«ወላሂ፣ እኔም ባላሰብኩት ነው የታሰርኩት።» ቀጠሉና ጠየቁኝ። «አፈሩስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል?»

«ይሆናል፣ አባባ። ተቀብሮ ክብደት ሲጫነው፣ ሲግል።»

«እንግዲያው እዚህ ከሰነበትን እኛም መሆናችን ነው።»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ከንዴቱ የተነሳ መሳቅ አልቻልኩም።

በማግስቱ ያንኑ ወረቀት ሰጡኝ። «ለመወርወር» የሚለውን ሰርዤ «ለመማር» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። መርማሪው ቀደደው። ፈተናው እዚያው እንዳለሁ አለፈኝ።

የፈቱኝ ቀን ምክንያት የነገረኝ የለም።

«ድንጋዮቼስ?» አልኩ።

«ግቢው ሙሉ ድንጋይ ነው፤ መርጠህ ውሰድ።»

«የራሴን ነው የምፈልገው።»

ገፍተው እስኪያስወጡኝ ድረስ በሩ ላይ ቆምኩ። አልሰጡኝም።

ዘንድሮ ያንኑ ኮርስ ከአዲስ ገቢዎች ጋር እየደገምኩ ነው። ይህን ሳወራ «ለድንጋይ ብለህ በር ላይ ቆምክ?» የሚሉኝ አሉ። ሲያስሩኝ ግን «ድንጋይ እኮ ነው» ያለ ሰው አልነበረም።