የድሪቶው አራተኛ ጎን

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅቡቲ ገበያ ውስጥ አንድ የአልጋ ልብስ ገዛሁ። ከሩቅ ሲያዩት ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ይመስላል፤ ቀዩ፣ አበባማው፣ ባለ መስመሩ ጎን ለጎን። ቤት ገብቼ ጣቴን ባሳልፍበት ስፌት የለውም። ለካ ቁርጥራጩ በቀለም የታተመ ነው! ድህነትንም ፋብሪካ ይኮርጀው ጀመር? ማራገቢያው እላዬ ላይ እየተንቋቋ ብቻዬን ሳቅሁ። ያኔ ነው ያቺ የስፌት አስተማሪ ትዝ ያለችኝ። በሰው መፍረድ ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ልንገርሽ።

ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ ነበር። ሲመሽ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ የባሕር ዛፍ ሽታውን ይዞ በቆርቆሮው ሥር ይገባል። እናቴ ብርዱን የምትመክተው በድሪቶ ነበር፤ ከውስጥ አሮጌ ነጠላ፣ ከላይ ካለቀ ቀሚስና ሱሪ የተረፈ ጨርቅ፣ ሁሉንም በመርፌ አያይዛ። መሃሉን ግን እናቷ እንዳስተማረቻት ነበር የምትሠራው። ከቤት የራቀ ሰው ካለ ከልብሱ ተቆርጦ መሃል ይገባል። የቁራጩ ሦስት ጎን ይሰፋል፣ አራተኛው ክፍት ይቆያል፤ ሰውየው ሲመለስ እያየ ይዘጋል። ያን ጊዜ መሃል ላይ የነበረው የታላቅ ወንድሜ ሰማያዊ ሸሚዝ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቶ ነበር።

"መቼ ይመጣል፣ እማዬ?" ስላት ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ "በሩ ክፍት ነው" ትለኝ ነበር።

እንዲህ እያለን ለቀበሌያችን ሴቶች አስተማሪ ተላከች። ቦርሳዋን ከክንዷ የማታወርድ፣ ሽቶዋ ቀድሟት ዳገቱን የሚወጣ ሴት ነበረች። "ዘመናዊ የአልጋ ልብስ" ልታስተምረን ነው። ጨርቁን ሦስት ማዕዘን እየቆረጡ በስፌት መኪና ማጋጠም፣ ውስጡን ስፖንጅ መሙላት። እውነቱን ለመናገር መኪና ያስለመደችኝ እሷ ናት፤ ዛሬም የምበላው በእሱ ነው። ግን "ኋላ ቀር" ሳትል መርፌ ውስጥ ክር አታስገባም ነበር።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ ቤታችን መጥታ ድሪቶውን ከአልጋው ላይ ገፈፈችው።

"እማማ፣ ይሄ ለኤግዚቢሽኑ ይጠቅመናል። ሕዝቡ ኋላ ቀሩን ከአዲሱ ጋር ያነጻጽር። ይሄ ጎንስ? ሳይጨርሱት ነው እንዴ የሚለብሱት?"

እናቴ ምክንያቱን ነገረቻት። ሴትዮዋ ሁለት ጣቷን በክፍቱ አስገብታ አወዛወዘች።

"እና ወታደሩ በዚች ሊገባ ነው? እንዴት ያለች ጠባብ በር ናት!"

"ጠባቧ ትሻላለች" አለች እናቴ። "ብቻ እንዳለ መልሺልኝ፣ ልጄ። አደራ።"

"ምን አደራ ያስፈልገዋል፣ እማማ? የቀበሌ ንብረት አይጠፋም።"

የቀበሌ ንብረት! የአልጋችን ልብስ!

በበዓሉ ጠዋት የእሷ ሥራ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በቀይ መደብ ላይ ትልቅ ቢጫ ኮከብ። የቀበሌው ሊቀመንበር ከእንግዶቹ ቀድሞ ገባና ፊት ለፊቱ ቆሞ ጫፎቹን በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

"ጓድ፣ ይሄ የማን ኮከብ ነው?"

"የአብዮቱ ነዋ፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"የአብዮቱ አምስት ነው። ይሄ ስድስት ነው! የሰሎሞንን ኮከብ፣ የዘውዱን ኮከብ አዳራሼ ውስጥ ሰቀልሽብኝ?"

ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን እያጋጠመች ስትሰፋ አንድ ቀን እንኳ ጫፉን አልቆጠረችውም። ፊቷ ላይ የተቀባችው ፓውደር በላብ ጨቀየ። ከኋላችን አንዷ ጎረቤት በነጠላዋ አፏን ሸፍና፣ "አንዷን ጫፍ ብትቆርጣትስ?" አለች።

ኮከቡ ወረደ። እንግዶቹ በር ላይ ደርሰዋል፣ ግድግዳው ባዶ ነው። ሴትዮዋ የእናቴን ድሪቶ አነሳች። ኋላ ቀሩ በአንድ አፍታ የሰፊው ሕዝብ ጥበብ ሊሆን ነው! ብቻ ያለቀ መምሰል አለበት። መኪናው ላይ ጣለችና አራተኛውን ጎን ደራርባ ሰፋችው።

"ተይ!" ብላ ጮኸች እናቴ። "ልጄ ውጭ ነው!"

እንግዶቹ ገቡ፤ ጭብጨባው ዋጣት። ሊቀመንበሩ ድሪቶውን "በአስተማሪያችን አመራር የተሠራ" ብሎ አስተዋወቀ፤ እሷም እጅ ነስታ ምስጋናውን ተቀበለች። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሳገኛት ምራቄ እንዳያመልጠኝ አማትብ ነበር።

በማግስቱ እናቴ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ስፌቱን ትፈታ ጀመር። የመኪና ስፌት ደቃቅ ነው፣ ሸሚዙ ደግሞ አርጅቷል፤ ክሩ በተመዘዘ ቁጥር ጨርቁን ይዞት ይመጣል።

"እማዬ፣ እግዚአብሔር በጨርቅ አይታሰርም። አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ።"

"እሱን ማን አሰረው?" አለች ቀና ሳትል። "ልጄ መጥቶ፣ ዘግተውብኛል እንዳይል ነው።"

ፀሐይዋ ከደጃፉ ሳትዞር ጎኑ ተከፈተ፤ ጠርዙ ግን ተቦጫጭቆ ቀረ።

ወንድሜ አልመጣም። መርዶውም አልመጣም። እናቴ ለሌላው ሰው ልጅ ስታለቅስ ኖራ፣ ለራሷ ሐዘን አንድ ቀን ሳትቀመጥ አረፈች። ድሪቶውም አለቀ፤ እኔ መሃሉን ብቻ ይዤ መጣሁ። ጠዋት ጠዋት ስሰግድ ግንባሬን የማሳርፈው እሱ ላይ ነው። የባሕር ዛፉ ሽታ ከለቀቀው ቆይቷል። የስፌት መኪናዬ እዚያው አጠገቡ ነው፤ አንዴ ፔዳሉን ብረግጠው ክፍቱ ጎን ይዘጋል። ያንን የታተመ የአልጋ ልብስ ለመኪናው አቧራ መከላከያ አደረግሁት፤ ከዚህ የበለጠ ክብር አይገባውም።

ዛሬ ስሰግድ ጣቴ በክፍቱ ጎን ገባ። ውስጡ ሰው ተኝቶበት እንደተነሳ ይሞቃል። የጅቡቲ ሙቀት ነው፤ አውቃለሁ። ጣቴን ግን ቶሎ አላወጣሁም።