«ገና ሩቅ ነው» ያልኩት መብራት፦ ስለ መምህርት ወይንሸት

በሞላሌ ሬዲዮ ሲበላሽ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደልንም፣ ሂሳብንም፣ ፊዚክስንም ራሴን አስተምሬአለሁ። ከመንዝ እስከ ግሼ ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ካለ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የመምህርት ወይንሸትን ማረፍ ስንሰማ ሐዘንተኛው «ጋሽ ሽፈራው ይጻፉ» ማለቱ ተገቢ ነው። ብርድ እንዳይገባ ተማሪ ሳይመጣ ቀድመው የክፍሉን የተሰበረ መስኮት በካርቶን የሚደፍኑ አስተማሪ እንደነበሩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሌላውን ሥራቸውን፣ የሰማይ ምርምራቸውን፣ የማውቀው ግን እኔ ነኝ።

ጋላክሲዎች ብቻቸውን አይኖሩም፤ እንደ ንብ በመንጋ ይሰባሰባሉ። በየመንጋው መካከል ከሁሉ የደመቀ አንድ ጋላክሲ አለ። «አውራው» ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ እሳቸውም ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም አልጠሩትም። የአውራዎቹ ድምቀት ይቀራረባል። ስለዚህ ደብዝዞ የታየው ሩቅ፣ ደምቆ የታየው ቅርብ ነው። ርቀቱ ሲታወቅ፣ ጠፈር እየሰፋ በመሄዱ ብቻ በምን ፍጥነት ሊርቅ እንደሚገባው ይሰላል። ይህ፣ ብርሃኑ ራሱ ወደ ቀይ በመሳቡ ከሚያሳየው ፍጥነት ጋር ሲነጻጸር፣ ልዩነቱ የመንጋው የራሱ ጉዞ ነው። መምህርት በትላልቅ ቴሌስኮፖች የተነሱ ምስሎችን በኮምፒውተራቸው እየመረመሩ ለዓመታት ለኩ። መንጋዎቹ በአንድነት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚነጉዱ ሆነው ተገኙ። ምርምሩን የሚያቀርቡለት ዩኒቨርሲቲ ጽሑፉን እየጠበቀ ነበር፤ ኋላ የወሰዳቸው ሕመምም ጠንቶባቸው ነበር።

ጽሑፉን ሊያቀርቡ በሚሄዱበት ጠዋት ከሞላሌ ወጣ ብለን መኪና ስንጠብቅ ጉሙ መሬቱን ሸፍኖት ነበር።

«ጉዞው መገኘቱን ለሰው ነግረዋል አሉ፣ ጋሽ ሽፈራው?»

«ለሁሉም አይደለም። ለሞላሌ፣ ለቀየትና ለራቤል ብቻ ነው።»

«ታዲያ ማን ቀረ?» ብለው ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ።

በጉሙ ውስጥ ደብዛዛ መብራት ታየ። ዓይኔ የታወቀ ነው፤ «ገና ሩቅ ነው» ብዬ ወደ ማዶ ልሻገር መንገዱ ውስጥ ገባሁ። መምህርት ጋቢዬን ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱኝ። የጭነት መኪናው ፍሬኑን እያስጮኸ አፍንጫዬ ሥር ቆመ።

«አባቴ፣ መሞት ካማረዎት በሌላ መኪና ይሁን» አለ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ።

መልስ ልሰጠው ስል የመምህርት ፊት ተለውጦ አየሁ።

«ያራቀው ጉሙ ነው» አሉ።

«ምኑን?»

«መብራቱን። ከአውራዎቹ ብዙዎቹን የማያቸው በራሳችን ጋላክሲ አቧራ ውስጥ አልፌ ነው። አቧራው ያደበዘዘውን አስልቼ አርሜአለሁ። እርማቱ ባይበቃስ? ሩቅ ናቸው ያልኳቸው ቅርብ ቢሆኑስ? ያገኘሁት ጉዞም አቧራው ያመጣው ቢሆንስ?»

«ይህን የሚያውቅብዎት የለም። መኪናው ቆሟል፤ ይግቡ።»

«እኔ አወቅሁ እኮ፣ ጋሽ ሽፈራው።»

ሾፌሩን አሰናብተው ወደ ቤት ተመለሱ። አቧራው የጋረዳቸውን አውራዎች አውጥተው በቀሩት ብቻ እንደገና ይለኩ ጀመር። መብራት ይጠፋል፤ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ኮምፒውተሩን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝቼ ያቆየሁት እኔ ነኝ። ቀድሞ የሚያልቀው ሥራው ይሁን እሳቸው አላውቅም ነበር። ለመጠየቅም አልደፈርኩም።

ሥራው ቀደመ። ያ የመንጋዎቹ ታላቅ ጉዞ ግን አልነበረም፤ የቀረው ልዩነት ከመለኪያው የስህተት ልክ አይበልጥም።

«መንጋዎቹ አይጓዙም ማለት አይደለም» አሉኝ። «በእነዚህ መብራቶች አልታየም ማለት ነው።»

ይህንኑ ጽፈው ላኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እንግዲህ ተገኘ ብለው የነገሩት እርስዎ ነዎት። አልተገኘም ቢባልም የሚያምኑት እርስዎን ነው» አሉኝ።

መምህርት ወይንሸት፣ በሞላሌ ገበያ መካከል ቆሜ ተናግሬአለሁ። ቀየት ላይ አንዱ «ታዲያ በከንቱ ለፉ?» ሲለኝ ስለ አቧራው እስኪገባው አስረድቼዋለሁ፤ እንደ እኔ የሚያስረዳው አያገኝም። ራቤል ወጥቼ በየደጁ ተናግሬአለሁ። ደህና ይረፉ። የመጀመሪያው ወሬ መርሐቤቴም ደርሷል ይላሉ። እዚያ የነገርኩት እኔ አይደለሁም፤ ቢሆንም ነገ እሄዳለሁ።