የአባቴ ድንችና የእናቴ ውኃ

ከጉና የሚወርደው ወንዛችን ክረምት ላይ ሰው ይወስዳል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ አንዲት ላም ጠጥታ የምትጨርሰው ይመስላል። ስለዚህ በእኛ ሰፈር ከጥር እስከ ግንቦት የሚጣላ ሰው ሁሉ የሚጣላው በውኃ ነው። ሌላ ምክንያት ቢነግሯችሁ አትመኑ። የዚህ ሁሉ ጠብ ዳኛ አባቴ ነበር። "የውኃ አባት" ይሉታል። ወንዙ ተጠልፎ በቦይ ወደየማሳው ሲወርድ፣ ውኃው ዛሬ ለማን፣ ነገ ለማን እንደሚለቀቅ የሚቆርጠው እሱ ነው። ማንም መርጦት አያውቅም። አያቴ የውኃ አባት ነበሩ፤ ሲሞቱ እሱ ተተካ፣ አለቀ።

ኩራቱ ደግሞ ለብቻው ነው። አካፋውን ትከሻው ላይ አጋድሞ የቦዩን ዳር ይዞ ሲወርድ ያየ ሰው ወንዙን የፈጠረው እሱ ይመስለዋል። ድግስ ቤት ጠላው አስቀድሞ የሚቀዳው ለእሱ ነው፤ ሽንኩርቱ ውኃ የጠማበት ሰው ሁሉ "ኧረ ጋሼ፣ ይጨመርልዎ" ይለዋል። ይጠጣል፣ ይመርቃል፣ ውኃውን ግን ያለ ተራ ለማንም አይሰጥም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም ይቀዱለታል።

ጥቅምት ላይ ከወረዳ አንድ የመስኖ ባለሙያ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ንግግሩ ግን ረጅም ነው። ፖሊሲው ተሻሽሏል፣ ከእንግዲህ ውኃውን የሚያስተዳድረው ሕጋዊ ማኅበር ነው፣ መሪው በምርጫ ይሰየማል፣ በአመራሩም ሴት መኖር አለባት አለ። "አሳታፊ" የምትለዋን ቃል ይወዳታል፤ ባገኘው ቦታ ሁሉ ይጨምራታል። የእኛ ሰው ደግሞ መንግሥትን እንቢ አይልም። እሺ ይላል፣ አጨብጭቦ ይሸኛል፣ ከዚያ የራሱን ይሠራል። የተሰበሰበው ሁሉ ዞሮ አባቴን አየው። አባቴ ተነሣ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሴት ከተፈለገች የእኔዋ ትሁን" አለ። "ሥራው እንደሆነ እዚያው ቤት ነው።"

ሰው እፎይ አለ። እናቴ በአንድ ድምፅ ሊቀ መንበር ሆነች፤ ስሙ የእሷ፣ ውኃው የአባቴ እንደሆነ ከባለሙያው በቀር የማያውቅ አልነበረም። እሱ ደስ ብሎት ፎቶ ያነሣል። እናቴ ከኋላ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሳረፈችና "እሺ" አለች። ይህቺን "እሺ" እኔ ልጇ አውቃታለሁ።

ሁሉም አንድ ነገር ረስተው ነበር፤ አባቴም ጭምር። እናቴ የታች ሰፈር ልጅ ናት። የአባቷ ማሳ ያለው የቦዩ ጫፍ ላይ ነው። ውኃው ከላይ ከላይ እየተጠጣ ወርዶ እነሱ ጋ ሲደርስ የሚተርፈው ጭቃ ነው። ሽንኩርት ቆሞ ሲደርቅ እያየች ነው ያደገችው።

ማኅበሩ ሲቋቋም ለሥልጠና ወደ ደብረ ታቦር ተጠራች። እኔ እዚያ አስተማሪ ነኝና እኔ ዘንድ አደረች። ማታ ማታ እግሯን እየታጠበች የተማረችውን ትነግረኛለች። ምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ አትትከሉ ተብለው ሲማሩ የዋሉት ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ነው። በዚህ በጣም ሳቀች። የውኃው ተራ ከቦዩ ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ ቢሄድ ጫፍ ያለው አይጎዳም የሚለው ላይ ስትደርስ ግን አልሳቀችም።

"ይህን ለማወቅ መንግሥት ይህን ያህል ጊዜ ፈጀበት?" አለችኝ።

አገር ቤት እንደተመለሰች ተራው ዘንድሮ ከታች ይነሣል ብላ አስታወቀች። የአባቴ ድንች ያለው ወንዙ የሚጠለፍበት አፍ ላይ ነው። ድሮ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠጣው ድንች አሁን የመጨረሻ ሆነ። አባቴ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ከልቡ ሳቀ። ከዚያ የታች ሰፈር ሰዎች አካፋቸውን ይዘው መጡ፤ ደጃፉ ላይ የተቀመጠውን አባቴን "እንደምን አደሩ ጋሼ" ብለው አልፈውት፣ ስለ ተራቸው እናቴን ጠየቋት። ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ።

መጋቢት ገባ። የድንቹ ቅጠል ይጠቀለል ጀመር። እሱ ከደረቀ ለክረምቱ የሚተከል ዘር የለንም። መፍትሔው ደግሞ ከባድ አልነበረም፤ እናቴ "ሰብሉ የሚሞትበት ሰው ይንገረኝ፣ ተነጋግረን እናስቀድመዋለን" ብላ ነበር። የነገሯት ሰዎች ውኃ አግኝተዋል። አባቴ ብቻ ቢገድሉት አይናገርም። አንድ ቅዳሜ ከደብረ ታቦር እስከ ገሳይ ከተማ በመኪና፣ ከገሳይ በእግሬ መጥቼ ያን ማሳ አየሁና ቀጥ ብዬ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

"አባዬ፣ ለምን አትነግራትም?" አልኩት።

"እኔ? ውኃ? ልለምን?"

እያንዳንዷን ቃል ለብቻዋ ነው ያስቀመጣት። ከገዛ ሚስቱ ውኃ ከሚለምን ድንቹ ከነሥሩ ቢቃጠል ይሻለዋል። ግን ያኑ ዕለት ወደ ማታ ሄዶ ቅጠሉን በጣቱ ሲዳብስ አይቼዋለሁ፤ እሱ ያየሁት አልመሰለውም።

እራት ላይ ሁለቱ አይነጋገሩም። አባቴ የሚያወራው ከድመቷ ጋር ነው። "አንቺ ድመት፣ የዚህ ቤት ድንች እየሞተ አንቺ ተኝተሻል" ይላል። እናቴም የምትመልሰው ለድመቷ ነው። "ወይ ተራውን ይጠብቅ፣ ወይ እንደ ሰው ይጠይቅ በይልኝ" ትላለች። ድመቷ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ታያለች። እኔ መቼም ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም።

"ምን ሆናችኋል? ልጅ ናችሁ?" ብዬ ጮህኩባቸው።

ሁለቱም እኩል ዞረው "አንቺ ዝም በይ!" አሉኝ። በዚያ ሰሞን የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይኼ ብቻ ነው።

በእኛ ዘንድ በሰንበት አካፋ አይነሣም። ቅዳሜ ማታ የተለቀቀ ውኃ እስከ ሰኞ ጧት ለባለ ተራው በራሱ ጊዜ ሲፈስ ይቆያል። የሚነካው የለም፤ ስለዚህም የሚጠብቀው የለም። የዚያ እሑድ ባለ ተራ ባሏ የሞተባት አንዲት የታች ሰፈር ሴት ነበረች፤ ነጭ ሽንኩርት ተክላለች። ጧት ለቅዳሴ ስንነሣ አባቴ ወገቡን ያዘ።

"ዛሬስ አልችልም። እናንተ ሂዱ" አለ፣ ለድመቷ።

በዐቢይ ጾም የእሑድ ቅዳሴ ሲቀር አይቼው አላውቅም። እናቴ ደንግጣ፣ ሳታናግረው፣ ወገቡን በቅባት አሸችለት። እሱም ሳያናግራት አቃሰተላት። ሄድን።

ቤተ ክርስቲያናችን ያለው ጉብታ ላይ ነው። ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ ማሳው ሁሉ እግራችን ሥር ተዘርግቶ ይታያል። መጋቢት ነውና ሁሉም ገርጥቷል። አንዱ ማሳ ብቻ፣ ጠለፋው አፍ ላይ ያለው፣ እንደ ጠላ ድፍድፍ ጠቁሮ፣ ጠጥቶ ጠግቦ ተኝቷል። ከእሱ በታች ቦዩ ደርቋል። ምእመኑ ነጠላውን እንዳጣፋ ቆሞ አየ። ቄሱ እንኳ አንገታቸውን አሰግገው ተመለከቱ።

ወይ ጉድ! ዕድሜውን ሙሉ የውኃ ሌባ ሲይዝ የኖረ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ የት እንዳለ ይረሳል?

ስብሰባው እዚያው ደጁ ላይ፣ የጽዱ ዛፍ ሥር ሆነ። አባቴን ጠርተው አመጡት፤ ቀጥ ብሎ እየተራመደ መጣ፣ ወገቡ ድኗል።

"ውኃውን ማን መለሰው?" አለች እናቴ።

"እኔ" አለ። ከሰረቀ በኋላ መዋሸት አልፈለገም።

ቄሱ ጣልቃ ገቡ። "በሰንበት አካፋ አነሣህ?"

"አካፋ አልነካሁም አባ። የማሳዬን አፍ የዘጋውን ጓል በእግሬ ነው ገፋ ያደረግሁት። እግር እንደሆነ በሰንበትም ይሄዳል።"

ሰው ሳቁን በነጠላው አፈነ። ቄሱም ይህን እኔና አንተ ለብቻችን እንነጋገርበታለን አሉት።

ቅጣቱን ሁሉም ያውቀዋል። ውኃ የሰረቀ ሰው ቦዩን ከጠለፋው እስከ ጫፉ ብቻውን ይጠርጋል፤ ማንም አያግዘውም። ሕጉን ያወጣው አባቴ ነው፤ የገዛ ወንድሙን ሳይቀር አስጠርጎበታል። አጎቴ ከዚያ ወዲህ ቤታችንን ረግጦ አያውቅም። በዚያ እሑድ ግን ከፊት ቆሟል፤ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ ግን ከበዳቸው። "ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ስንት ዘመን ዳኝተውናል፣ ይማሩ" አሉ። የእሑዷ ባለ ተራም "ከተራቸው ውኃዬ ይመለስልኝ እንጂ ቅር አይለኝም" አለች። እናቴ መሬት መሬት ታያለች። ያን ሁሉ ሳምንት የተከራከረችው ሴትዮ ባሏ በሕዝብ ፊት ቆሞ ስታየው አሳዘናት። እኔም በልቤ ማሪው፣ ማሪውና ይብቃ እል ነበር።

"እንግዲህ ሽማግሌ ካለ..." ብላ ጀመረች።

"ቆይ" አለ አባቴ።

ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። ከስንት ጊዜ በኋላ ዐይን ለዐይን ተያዩ።

"የናቴን ልጅ ያስጠረግሁ እኔ ነኝ" አላት። "ዛሬ እኔን ብትምሪኝ ነገ ማን ይሰማሻል? ባሏን ምራ ሰው ትቀጣለች ይሉሻል። ሁሉም እንደ እኔ በእግሩ እየገፋ ይወስደዋል፤ ታች ሰፈር አንድ ጠብታ አይደርስም። ውኃው ያንቺ ከሆነ ፍረጂ።"

አጎቴ እንኳ ፈገግታውን ሰበሰበ። እናቴ ቀና አለች።

"ነገ ጧት። ከጠለፋው እስከ ጫፉ። ብቻህን" አለችው።

"ደግ" አለ።

እኔ አለቀስኩ። ለእሱ ይሁን ለእሷ አላውቅም።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ መኪና ለመያዝ ወደ ገሳይ ስወርድ መንገዴ በቦዩ ዳር ነው። አባቴ ሱሪውን ሰብስቦ ቦዩ ውስጥ ገብቷል፤ ዶሮ ሲጮኽ ጀምሮ ግማሽ ያህሉን ጠርጎ ጨርሷል። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ዳሩ ላይ ቆማለች። ማገዝ ክልክል ስለሆነ አላገዘችውም፤ ታያለች ብቻ።

"እዚያ ጋ ሣር ትተሃል" አለችው።

"የቱ ጋ?"

"ከድንጋዩ ሥር።"

አሁን ይፈነዳል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ስለዚያ ቦይ ለእሱ ሰው ሲነግረው በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። አባቴ አካፋውን ዳሩ ላይ አጋደመ። ከዚያ የመጣበትን ተመልሶ ወጣ፣ ጎንበስ አለ፣ ከድንጋዩ ሥር ያለውን ሣር በእጁ ነቀለው።

"አሁንስ?" አላት።

ዝቅ ብላ አየችለትና "አሁን ይወርዳል" አለችው።