ሙቅ ባሕር፣ ሰው የማይበዛበት

አማቴ ሜልቦርን በገቡ በስድስተኛው ሳምንት ባሕር ማየት እፈልጋለሁ አሉ። የምንኖረው ኮሊንግዉድ፣ ከመንግሥት ፎቆች በአንዱ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ስለነበር፣ ሰማዩ ሲጠራ ባሕሩ ከሳሎናችን መስኮት እንደ ቀጭን ክር ይታያል። እጃቸውን ይዤ ወስጄ አሳየኋቸው። አዩት፣ «እሱን አይደለም» አሉና ወደሚሠሩት ሹራብ ተመለሱ። የኔ መከራ የጀመረው ያን ዕለት ነው።

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። አማቴ ነገር የማይጠይቁ ሰው ናቸው። የመጡ ሰሞን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጡ ስኳር የማይወዱ መስሎኝ ነበር፤ ስኳሩ የት እንዳለ መጠየቅ አፍረው እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው። ምን ይብሉ፣ የት እንሂድ ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «እንደሚመቻችሁ»። ይሄ ጨዋነት ይባላል። አብሮ ለሚኖር ሰው ግን ራስ የሚያዞር ነገር ነው፤ ምክንያቱም የሚፈልጉትን አይናገሩም፣ ያልፈለጉትን ስታደርጊ ግን ፊታቸው ላይ ታነቢዋለሽ።

ባለቤቴ ወሬውን ሲሰማ ልጅ ሆነ። «እማዬ አንድ ነገር ጠይቃን አታውቅም፤ የትም ይሁን የት ውሰጂያት» አለኝ። እሱ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው፣ ፈቃዱንም እናቱ የገቡ ጊዜ ጨርሶታል። ስለዚህ «ውሰጂያት»። እንግሊዝኛዬ ደህና ነው ስለሚባል ፎርም መሙላትና ስልክ መደወል የሚባለው ሁሉ ድሮም እኔ ላይ ነው የሚወድቀው። የአዛውንቶች መጦሪያ ወጥ ቤት ስምንት ሰዓት ቆሜ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ የማንን ደብዳቤ ተርጉሚ እንደምባል አላውቅም ነበር። አሁን ደግሞ ባሕር ተጨመረ።

ቅዳሜ ቅርባችን ወዳለው አልቶና ባሕር ዳርቻ ወሰድኳቸው። ሰኔ ነው፣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ከመኪና አልወርድም ብላ በእንግሊዝኛ አጉረመረመች። አማቴ ጫማቸውን ሳያወልቁ እስከ ውሃው ጫፍ ሄዱ፣ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ነከሩና ወዲያው አወጡት።

ቀዝቃዛ ነው አሉ። ክረምት ነው እኮ እትዬ አልኳቸው። ሙቁስ የት ነው አሉኝ፣ ደህና ደህናውን ዕቃ ከጓሮ እንደደበቀ ባለሱቅ እያዩኝ። ሙቁ ሰሜን ነው፣ ኩዊንስላንድ፣ በአውሮፕላን ነው የሚኬደው ስላቸው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያስቸግራል እንዲሉ ጠበቅኩ። አላሉም። ያስቸግራል ያላሉት በዕድሜያቸው ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ። የጉዞ ወኪል ቤት ሄጄ ክንዴ እስኪዝል ሥዕላዊ መጽሔት ተሸክሜ መጣሁ። እራት ከበላን በኋላ አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ገጾቹን በአንድ ጣት ያገላብጣሉ፤ በየገጹ ራቁቱን የተዘረጋ ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ እዚያ ናቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይ፣ ፎቶ ነው አልኩ። ሰው የማይበዛበት የለም ወይ አሉ። ፈለግኩ። አንዲት ደሴት አለች፤ ከአንድ ትልቅ ከተማ ወደብ በጀልባ ይደረሳል፤ ፊት ለፊቷ ሆቴልና ጫጫታ ነው፣ ከጀርባዋ ግን ጸጥ ያለ ዳርቻ አለ። እዚያ የሚወስድ አስጎብኚ ጠዋት በጂፕ ተቀብሎ፣ ምሳ አብልቶ፣ ከሰዓት በኋላ ይመልሳል። አገኘሁ ብዬ እፎይ አልኩ።

እፎይታዬ አንድ ቀን አልቆየም። በማግስቱ ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ መጥተው ቆሙና ውሃው እርግጠኛ ሙቅ ነው ወይ አሉኝ። ደወልኩ። ክረምቱም ቢሆን ሙቅ ነው፣ እንዲያውም የሚናደፈው የባሕር ፍጥረት የሌለበት ወቅት ነው አለችኝ አስጎብኚው ቢሮ ስልክ የምታነሳው ሴትዮ። ደስ አላቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ አስጎብኚው ብዙ ያወራል ወይ አሉኝ። ደወልኩ። በሦስተኛው፣ ሰውዬው ዳርቻው ላይ ቆሞ ያየናል ወይስ ዞር ይልልናል የሚለውን ለመጠየቅ ስደውል፣ ሴትዮዋ ድምፄን ለይታ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሴትዮዋ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ትል ይሆን እያልኩ ፊቴ ጋለ። እኚህ ሴትዮ በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁትን ባሕር እንደ ሙሽራ ይመርጡታል እንዴ እያልኩ ስልኩን ዘጋሁ።

እዚህ ላይ ጥፋቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ጥፋት የሚሠራውም የኛ ሰው ብቻ ነው። ሆፐርስ ክሮሲንግ የምትኖር ጓደኛዬ ነበረችኝ፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነበር የምናመልከው። ጉዞውን ስነግራት ሌላው ሁሉ ቀርቶ አንድ ቃል ብቻ ነው የሰማችው። «ብቻችሁን?» አለችኝ። ትልቅ ሰው ይዘሽ፣ ሰው አገር፣ ብቻችሁን? ሰው ምን ይላል? እሷ ስትለው እኔም አፈርኩ። ቅናሽ ቲኬት ወጥቶ ነበርና በሳምንቱ እሷም ባሏም ልጆቿም፣ ከዚያም የእህቷ ቤተሰብ፣ አብረን እንሄዳለን አሉ። አሥራ አንድ ሆንን። ድፎ ዳቦ ትደፋለች፣ እህቷ ዶሮ ትሠራለች፣ ባልየው የሚዘምርበትን ኪቦርድ ይዞ ይመጣል፤ እትዬ መቼም አይደብራቸውም ተባለ። የአስጎብኚውን ጂፕ ትቼ ሙሉ ሚኒባስ ቡክ አደረግሁ። በራሴ ኮርቼ ነበር።

ያን ማታ እራት ላይ አበሰርኳቸው። አማቴ እጃቸው ላይ የያዙትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መልሰው አስቀመጡት። «እግዜር ይስጥሽ» አሉ። ባለቤቴ ተደስቶ ተነስቶ እናቱን ሳመ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ጉልበቴን አሞኛል፣ ብቀር ይሻላል አሉኝ።

ካፖርቴን እንኳ አላወለቅኩም ነበር። ሦስት ጊዜ የደወልኩት፣ የዓመት ፈቃዴ፣ መጽሔቱ፣ አሥራ አንዱ ሰው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ካገባሁ ጀምሮ ለአማቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ የኛ ቤት አስተዳደግ አይፈቅድም። ያን ቀን ግን አደረግኩት።

«እትዬ፣ የሚፈልጉትን አንድ ጊዜ በአፍዎ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

ሹራባቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። ያ ሹራብ የወንድ ነው፣ ሰማያዊ፤ ከአዲስ አበባ ጀምረውት የመጡት ለታናሽ ልጃቸው ነበር። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም የባሕር ኃይል ባልደረባ ሆኖ ምጽዋ ነበር የሚሠራው፤ ጦርነቱ ሲያልቅ አልተመለሰም። ሞተ ብሎ መርዶ ያመጣ ሰው የለም፣ አየሁት ያለም የለም። ባለቤቴ በመርከብ ወደ የመን ተሻግሯል ብሎ ያምናል። ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ በቤታችን ስሙ የሚነሳው «ሲመጣ» እየተባለ ነው። ነጭ የደንብ ልብስ የለበሰበት ፎቶ ቴሌቪዥኑ ላይ ቆሟል። አማቴ እሱን አይተው ዓይናቸው እንባ ካቀረረ ባለቤቴ ቶሎ ብሎ «እማዬ፣ አታሟርቺ» ይላል።

አማቴ ተነስተው ከልጄ ጋር ወደሚተኙበት ክፍል ገቡ። ሲመለሱ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ ይዘው ነበር። አንብቢው አሉኝ። አጭር ነው፣ የወታደር ደብዳቤ፤ ደህና ነኝ፣ ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ይላል። ከታች ግን «እማዬ፣ ባሕሩ እንደ ገላ መታጠቢያ ውሃ ይሞቃል። አንድ ቀን አመጣሽና እግርሽን እነክርልሻለሁ፤ ጉልበትሽ ይሻልሻል» ይላል።

«ሰባት ዓመቱ ነው» አሉ አማቴ። «አልቅሼለት አላውቅም። እዚያ ጎረቤቱ አለ፣ እዚህ ልጄ አለ። ሳለቅስ ያየኝ ሁሉ ገደልሽው ይለኛል። መቃብር የለው፣ የት ልሂድ? ባሕሩ አንድ ነው ብዬ ነው። ሙቁን ብታሳዪኝ፣ ሰው ከሌለ፣ እዚያው ላለቅስለት ነበር።»

ከዚያ ደብዳቤውን እንደነበረ አጥፈው ጠቀለሉት።

አፈርኩ፤ ካፖርቴን እንደለበስኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ንዴቴም አልወጣልኝም ነበር፤ የምናደድበት ሰው ብቻ ተቀየረ። በባለቤቴ ተናደድኩ፣ በገዛ እናቱ እንባ ላይ ዘበኛ ሆኖ በመቆሙ። በጓደኛዬ ተናደድኩ። በራሴም። በሳቸውም ተናድጄ ነበር፤ ይሄን በመጀመሪያው ቀን ቢነግሩኝ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ጉዳይ ነበር። ግን እንዴት ብለው ይነግሩኛል? እኔ የልጃቸው ሚስት ነኝ።

ሴትዮዋ ጋ እንደገና ደወልኩ። ሚኒባሱ ይቅር፣ ሁለት ሰው ብቻ ነን አልኳት። ለምን ብላ እንደምትጠይቀኝ አስቤ ረጅም ምክንያት አዘጋጅቼ ነበር። አማቴ ብቻቸውን መሆን ይፈልጋሉ አልኩ። ሴትዮዋ «ኦፍ ኮርስ» አለች፤ በቃ፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። በኛ ቋንቋ ይህን ለማስረዳት አንድ ቀን አይበቃኝም ነበር፤ መጨረሻ ላይም ሰው ብቻውን ይተዋል እንዴ ነበር የምባለው።

የተባልኩትም እሱን ነው። ለጓደኛዬ ለዚያ ቀን ጂፑ ላይ ሁለት ወንበር ብቻ ነው የተገኘው ብዬ ዋሸኋት። ሰው ብቻውን ይተዋል እንዴ፣ ሌላ ቀን አብረን እንሂዳ አለች። እትዬ አይችሉም አልኩ። ዱቄቱ ተገዝቷል እኮ አለች። እውነቱን ብነግራት ሳይመሽ ባለቤቴ ጆሮ ይደርሳል፤ ስለዚህ ቅያሜዋን ዋጥኩት። ያም ሆኖ የአውሮፕላን ቲኬቱ ተቆርጦ ስለነበር ሁላችንም ተጓዝን፤ ኩዊንስላንድ በደረስን ማግስት ልጄን ተቀብላኝ ከልጆቿ ጋር ወደ ሌላ ዳርቻ ወሰደችልኝ። ጠባይዋ እንዲህ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ለአንድ ዓመት ያህል በደንብ አላነጋገረችኝም።

አስጎብኚው ሽማግሌ ነበር፤ አንገቱ በፀሐይ የተጠበሰ፣ ብዙ የማያወራ። በጂፕ ኮረብታውን አሻግሮ አወረደንና የምሳ ሳጥኑን ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጦ፣ ጋዜጣውን ይዞ ወደ መኪናው ተመለሰ። ዳርቻው ላይ ነፍስ የሚባል አልነበረም። አማቴ ጫማቸውን አወለቁ፣ ነጠላቸውን አጥፈው ጫማው ላይ አኖሩት። እስካልጠራሁሽ አትምጪ፣ አትዙሪ አሉኝ፤ እሺ አልኩ። ከጉልበትዎ በላይ እንዳይገቡ ብዬ ቃል አስገባኋቸው። ጀርባዬን ሰጥቼ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ምንም ድምፅ አልተሰማኝም። ቀጥሎ ስሙን ጠሩት። ሰባት ዓመት «ሲመጣ» እየተባለ የኖረውን ስም፣ ለሞተ ሰው በሚጠራበት ዜማ፣ ልጄ እያሉ፣ ደረታቸውን እየመቱ። እኛ ያደግነው እንዲህ ያለ ድምፅ ስንሰማ ያለው ይቅር ብለን እንድንሮጥ ነው፤ እቅፍ አድርገን ይዘን በቃዎት፣ ይበቃዎታል እንድንል። እግሬ ሁለት ጊዜ ራሱ ተነሳ። ሁለቱንም ጊዜ ቦርሳዬን በሁለት እጄ ጨብጬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከላይ ሽማግሌው ጋዜጣውን አስቀምጦ ቆመ። እጄን አንስቼ አስቆምኩት፤ ገብቶት ተቀመጠ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ከባድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ሥራውም መቀመጥ ብቻ ነበር። ጉንዳን የምሳ ሳጥኑን ወረረው፣ ዝም ብዬ አየሁት።

ፀሐይዋ አናቴ ላይ ስትደርስ ድምፃቸው ቆመ። ጸጥታው ከለቅሶው ይልቅ አስፈራኝና ቃሌን አፍርሼ ዞርኩ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው ፊታቸውን ይታጠባሉ። «አሁን ነይ» አሉኝ። ከነጫማዬ ገባሁ።

«ይሞቃል፣ አይደል?» አሉኝ።

«ይሞቃል፣ እትዬ።»

ሜልቦርን በተመለስን በሦስተኛው ሳምንት፣ ቪዛቸው ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሹራቡን ጨረሱ። ባለቤቴ ከሥራ ገብቶ ወጥ ቤት ሲመጣ አስቆሙትና እንደ ልጅ እጁን አስነስተው አለበሱት። እጅጌው ትንሽ አጠረው። ባለቤቴ ሳቅ ብሎ ለወንድሜ ልክ ይሆናል፣ ሲመጣ ይለብሰዋል አለ።

«የለም፤ ያንተ ነው» አሉት።

ባለቤቴ እናቱን አየ፣ ከዚያ ወደኔ ዞረ። እኔ ዓይኔን ወደ ድስቱ መለስኩ። ሲፈልግ አታሟርቺ ሊል የሚችልበት ጊዜ ነበረው፤ ረጅም ጊዜ ነበረው። ወንበር ስቦ እናቱ አጠገብ ተቀመጠ፣ ከነሹራቡ፣ ማሞቂያው እየነደደ።